ስድስት ሜትር ከስንዝር

ስለ ልብስ ሰፊዋ ልጅ ብዙ ይወራል፤ ግማሹ ውሸት ነው። ያንን ግማሽ የሚያወራው ደግሞ ጎረቤቷ ጫማ ጠጋኙ ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ መስማት ይሻላል።

ሰፊዋ ማለት ያቺ ሜትር ካንገቷ የማይወርድ፣ ስፒል ካፏ የማይጠፋ፣ ደንበኛ ገና በሩን ሳይረግጥ ወገቡን በዓይኗ ለክታ የምትጨርስ ሴት ናት። እንጀራዋ መስፋት ቢሆንም ጠባይዋ መቁረጥ ነው። ዋጋ ከቆረጠች ቆረጠች ነው፤ ቀን ከቆረጠችም አታሳልፍም። አንድ አመል ግን አለባት። ማንኛውንም ጨርቅ ስትቆርጥ ከልኩ ላይ አንድ ስንዝር ትጨምራለች። "ማደጊያ" ትለዋለች። ለሕፃን ቀሚስ ማደጊያ መተው ወግ ነው፤ እሷ ግን ጡረታ ለወጡ ሰውዬ ሱሪም ትተዋለች። "ኧረ እኔ ማደግ ካቆምኩ አርባ ዓመቴ!" ቢሏት፣ "እሱን ፈጣሪ ነው የሚያውቅ" ብላ ወደ ውስጥ አጥፋ ሰፋችላቸው።

ልጅቷ በስምንት ዓመቷ ከመቁረጫ ጠረጴዛው ሥር የገበር ቁራጭ ለቅማ፣ ከእንጨቱ ማስመሪያ ጫፍ ላይ አስራ ማሽከርከር ጀመረች። ቁራጩ አየር ላይ ሲጠመዘዝ ለእሷ ደስታ ነው፤ ለደንበኛ ግን የዓይን ጠንቅ ነው። አንዲት ሙሽራ ልትለካ መጥታ ጉንጯን ተገርፋ ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የልጅቷ ስም "ጅራፍ" ሆኖ ቀረ። እናቷ ስትቆጣት ደግሞ ተገራፊዋ እሷ የሆነች ይመስል ጩኸቷ ሰፈሩን ያናውጠዋል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ሲባል አልሰማችሁም? ይኸው ነው።

አንድ ቀን ጉርድ ልታሳጥር የመጣች ሴት ይህን አይታ፣ ጉርዷንም ረስታ፣ "ይቺን ልጅ ስጪኝ" አለች። የሪትሚክ ጂምናስቲክ አሠልጣኝ ኖራለች። ሪትሚክ ጂምናስቲክ ማለት በሙዚቃ እየተወዛወዙ፣ እግርን ከጆሮ በላይ እየሰቀሉ፣ ኳስና ቀለበት ወደ ላይ እየወረወሩ መቅለብ ነው፤ ከዘንግ ጫፍ የታሰረ ሪባንም ማሽከርከር አለበት። ሰፊዋ ከዚህ ሁሉ የገባት ሪባኑ ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ሪባን ከሳቲን ቆርጣ ጠርዙን ከፈፈችው። አሠልጣኟ "ለትልልቆቹ ሕጉ ስድስት ሜትር ነው" አለቻት። ሰፊዋም ስድስት ሜትር ከስንዝር ቆረጠች።

ጅራፍ አሥራ ሁለት ዓመት ዓለምን ዞረች። ዞረች ስላችሁ ደግሞ አሸነፈች እንዳይመስላችሁ። በመጀመሪያው ውድድሯ የወረወረችው ቀለበት አልመለስ ብሎ፣ በዳኞች ፊት ተንከባሎ፣ በሩን ወጥቶ፣ ደረጃውን ወርዶ ትኬት ቆራጩ ዘንድ ተገኘ። ከአርባ አንድ ተወዳዳሪ አርባ አንደኛ ወጣች። በሁለተኛው ኳሷ የዳኛዋ ሻይ ውስጥ ገባ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ሙዚቃ ከፋቹ ተሳስቶ የወታደር ማርሽ ለቀቀባት፤ ምን ታድርግ፣ በማርሹ ሪባኗን እየገረፈች ስትሰለፍ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበላት፣ አሥራ ሰባተኛም ወጣች። ከዚያ የተሻለ ደረጃ አግኝታ አታውቅም። ቁርጭምጭሚቷ ሁለቴ ዞሯል፤ ጉልበቷ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል። ግን አላቆመችም። ሪባኑ ወደ ላይ ሲወጣ ደስ ይላታል፤ በቃ፣ ሌላ ምክንያት የላትም።

እናቷ ግን አንድም ቀን አላየቻትም። ፌዴሬሽኑ ትኬት የሚቆርጠው ለተወዳዳሪና ለአሠልጣኝ ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑም የሚያሳየው የሚያሸንፉትን ነው። ለሰፊዋ የሚደርሳት ፎቶግራፍ ብቻ ነበር፤ ልጅቷ እግሯን በጀርባዋ አዙራ ጆሮዋ ላይ ያደረገችበት። ደንበኞች ግድግዳው ላይ ሲያዩት "ውይ፣ ምን ሆና ነው? መኪና ነው?" ይሏታል። ሰፊዋም "ሥራ ላይ ናት" ትላቸዋለች።

አሁን ወደዚያ ጫማ ጠጋኝ እንምጣ። ይህ ሰውዬ በልጅነቱ የትምህርት ቤት ሩጫ አሸንፎ መድረሻው ላይ የተወጠረውን ሪባን በደረቱ በጥሷል። የበጠሰውን ቁራጭ እስከ ዛሬ ከመዶሻው በላይ ሰቅሎታል፤ ሰፈሩም "ሻምፒዮን" ይለዋል። በስፖርት ጉዳይ ከእሱ በላይ ላሳር ነው። ጅራፍ የመጀመሪያውን ጉዞዋን ስትሄድ ሰፊዋን ጠርቶ፣ "ስሚ፣ ስፖርት ማለት ሪባን ነው። ያሸነፈ ይበጥሰዋል፣ ያላሸነፈ ሳይበጥስ ይመጣል፤ አለቀ" አላት። ልጅቷ ስትመለስ ሰፊዋ ሻንጣውን ከፈተች። ሪባኑ ስድስት ሜትር ከስንዝሩ ጋር ቁጭ ብሏል። ልጅቷን እንዳታሳቅቅ ብላ ምንም አልጠየቀችም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጅራፍ በተመለሰች ቁጥር ሻምፒዮን በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "እህሳ፣ በጠሰች?" ይላታል። እሷም "ለትንሽ አመለጣት" ትለዋለች። ከዚያ ሪባኑን ዘርግታ፣ በካውያ ቀስ አድርጋ እየተኮሰች፣ እንባዋ ሳቲኑ ላይ እንዳይንጠባጠብ አንገቷን ወደ ጎን ታዞራለች።

እና ጅራፍ ሃያ አራት ዓመት ሞላት። ለሪትሚክ ጂምናስቲክ ሃያ አራት ዓመት ሽምግልና ነው። "እማዬ፣ የሚቀጥለው የመጨረሻዬ ነው" አለቻት። "እዚሁ ነው የሚካሄደው፤ አዲሱ አዳራሽ በዚያው ቀን ይመረቃል። ትመጫለሽ፣ አምስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጫለሽ፣ ታይኛለሽ። አንዴ ብቻ እይኝ፤ ከዚያ ሃምሳኛም ብወጣ ግድ የለኝም።"

ሰፊዋ ያን ቀን ሱቋን ዘጋች። ሱቅ ስትዘጋ ያያት ሰው ሁሉ ማን ሞተ ብሎ ጠየቃት። ሁለቱን ሪባኖች፣ ዋናውንም መጠባበቂያውንም፣ ተኩሳና ጠቅልላ በንጹሕ ጨርቅ ቋጠረቻቸው፤ ከመተኮሻው ቀጥታ ወደ ልጇ እጅ ካልሆነ ይጨማደዳሉ። አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ ታዲያ አንድ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ መሬቱን እየደበደበ ይጮሃል። የፕሮቶኮል ሹሙ ነበር።

"ሪባኑ የታለ? ክቡርነታቸው አሥር ደቂቃ ነው የቀራቸው! ወንበሩ አለ፣ አበባው አለ፣ በወርቅ የተለበጠ መቀስ በትሪ አለ፤ ሪባን የለም! ምን ላስቆርጣቸው? ክራቫቴን?"

ሰፊዋ ቆመች። ትልቅ ሰው ሊመጣ ነው። የወርቅ መቀስ አለ። የሚቆረጥ ሪባን ጠፍቷል። አሥራ ሁለት ዓመት ሳይበጠስ የከረመ ሪባን ደግሞ ብብቷ ሥር አለ። ይሄ የዕድል ጉዳይ ነው እንጂ የአጋጣሚ አይደለም አለች።

"ስንት ሜትር ይበቃዎታል?" አለችው።

"አራትም ቢሆን!"

"ስድስት ሜትር ከስንዝር አለኝ። የልጄ ነው። ሁለት አለኝ።"

ሰውዬው ሊስማት ምንም አልቀረውም። "ሁለት? እናቴ፣ ከሰማይ ነው የወረድሽልኝ! አንዱን ለዋናው በር፣ አንዱን ለአዲሱ መጸዳጃ ቤት! እሱ ለብቻው ነው የሚመረቀው።"

ክቡርነታቸው መጡ፤ መቀሱን አነሱ፤ ሪባኑን እኩል መሐሉ ላይ ቆረጡት። ከተሰበሰበው ሁሉ አብልጣ ያጨበጨበችው ሰፊዋ ነበረች። መጸዳጃ ቤቱን የመረቁት ምክትላቸው ደግሞ ሰው አክባሪ ስለሆኑ፣ ሁለተኛውን ሪባን አሥራ አንድ ቦታ ቆራርጠው ለእንግዶቹ ማስታወሻ አደሉት።

ጅራፍ የውድድር ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ በጓሮው በር እየሮጠች መጣች። "እማዬ! ሪባኖቼን አመጣሽ?"

"ተቆረጠልሽ!" አለች ሰፊዋ እጆቿን ዘርግታ።

"ምኑ?"

"ሪባኑ ነዋ! በወርቅ መቀስ! ክቡርነታቸው ራሳቸው! ሁለተኛውን ደግሞ ምክትላቸው፤ ያውም አሥራ አንድ ቦታ!"

ጅራፍ ደረጃው ላይ ዝርግፍ አለች። የውድድሩ መለዋወጫ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ተይዟል፤ ከሌሎቹ እንዳትዋስ ደግሞ የሪባን ተወዳዳሪዎች ተከታትለው ነው የሚወጡት፣ ማን የገዛ ምላሱን ያውሳል? አርባ ደቂቃ ቀርቷታል።

"እማዬ፣ ምን ቆርጦሽ ነው የቆረጥሽው? ሪባን እኮ አይቆረጥም! መሬት ሳይነካ፣ ሳይቋጠር መሽከርከር ነው ያለበት። ከተበጠሰ አለቀልኝ ማለት ነው!"

ሰፊዋ የዘረጋቻቸውን እጆቿን አወረደች። "እና… እነዚያን ሁሉ ዓመታት ሙሉውን ይዘሽ ስትመጪ…"

"ደህና አድርጌ ሠርቼ ነው!"

"እኔ እኮ እያለቀስኩ ነበር የምተኩሰው" አለች እናቷ ቀስ ብላ። "'አይዞሽ፣ አንድ ቀን ይቆረጥልሻል' እያልኩ። ዛሬ የመጨረሻሽ ነው ስላልሽ… ሳይቆረጥልሽ እንዳትቀሪ ብዬ ነው፣ ልጄ።"

ጅራፍ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣች። ሰፊዋም ልታለቅስ ጀምራ ነበር፤ ግን ዓይኗ የተቆረጠው ጫፍ ላይ አረፈ። ከሁለቱ የበሩ ምሰሶዎች ላይ ፈታ ያመጣችው ነው፤ እጇ ላይ ተንጠልጥሏል። የተቆረጠ ጨርቅ አይታ ዝም ማለት ደግሞ አትችልም።

"ተነሺ!" አለች። "ልቅሶ ቀዳዳ አይደፍንም። እሰፋዋለሁ።"

"ብትሰፊውስ? ሲደራረብ ሁለት ጣት ይበላል! በሜትር ነው የሚለኩት፤ ከስድስት ካነሰ ያስወጡኛል።"

"ማደጊያውስ?"

ጅራፍ ቀና አለች።

"ስንዝሩን ረሳሽው? ቆርጠሽ ጥለሽው ቢሆን ኖሮስ?"

"ምን ቆርጦኝ እጥለዋለሁ!" አለች ልጅቷ። "አሥራ ሁለት ዓመት ከዘንጉ ጋር አጥፌ ደብቄዋለሁ። አሠልጣኟ ቁረጪው ባለችኝ ቁጥር፣ እናቴ እንዳይከፋት እላታለሁ።"

 ከዚያ ሰፊዋ መርፌዋን ከኮቷ እጥፋት መዝዛ አወጣች። ታችኛውን ከንፈሯን ነክሳ፣ ግራ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ክሩን አስገባች፤ እንዲያ ካላደረገች ክር አይገባላትም። ደረጃው ሥር፣ መጥረጊያና ባልዲ መሐል ቁጭ ብላ፣ ልጅቷ ጫፉን ወጥራ እንደያዘችላት፣ በስውር ስፌት ገጠመችው። የፕሮቶኮል ሹሙ አልፎ ሲሄድ አያቸውና "ምነው፣ የምትመርቁት ነገር አለ እንዴ?" አለ። ሰፊዋ መቀሷን ስታነሳበት እግሬ አውጪኝ አለ።

ዕቃ የምትለካው ሴትዮ ፊቷ ብረት ነው። ከሩቅ አገር የመጣች ናት፤ ንግግሯ በቅንድብ ነው። ሪባኑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ሜትሯን አኖረች። ሰፊዋም ካንገቷ ሜትሯን አውርዳ በዚህኛው ወገን አኖረች። ሴትዮዋ ቅንድቧን አነሳች፤ ሰፊዋም አነሳች። ስድስት ሜትር ከአሥር ጣት። ሴትዮዋ ጣቷን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሪባኑ ላይ አሳለፈች፤ ጣቷ ስፌቱ ላይ ደረሰ፣ አለፈም፤ ምንም አልተሰማትም። ማኅተሙን መታችው። ሰፊዋ በሕይወቷ እንደዚያን ዕለት ኮርታ አታውቅም።

እንግዲህ አምስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ሙዚቃው ተጀመረ። ጅራፍ ወጣች። ሰፊዋ ዓይኗን ስፌቱ ላይ ተከለች፤ ከዘንጉ ሦስት ሜትር ያህል ራቅ ይላል፣ ክሩ ከሳቲኑ ትንሽ ይጠቁራል፣ ለሌላ ሰው ባይታይም ለእሷ ይታያል። ስፌቱ ወደ ላይ ወጣ። ተጠመዘዘ። ወደ ታች ወረደ።

"ያዝ" አለች። "ያዝ! አደራ፣ ያዝ!"

አጠገቧ ያለችው ሴት "ማንን ነው?" አለቻት።

"ክሬን!"

ስፌቱ እባብ ሠራ፣ ቀለበት ሠራ፣ መብራቶቹ ዘንድ ደርሶ ተመለሰ። መጨረሻ ላይ ሪባኑ ከነዘንጉ ተወርውሮ አየር ላይ ሲዘረጋ ሰፊዋ ትንፋሿን ውጣ የአጠገቧን ሴት ክንድ ጨመደደች። ተቀለበ። አዳራሹ አጨበጨበ። ስፌቱ አልተፈታም። ከሠላሳ ሃያ ሁለተኛ ወጣች፤ ሰፊዋ ግን ቁጥሩን አልሰማችም፣ ወደ ታች እየሮጠች ነበር።

ጅራፍ ላብ በላብ ሆና ተቀበለቻት። "እማዬ! እንዴት ነበርኩ?"

"ያዘ! አንዲት ክር አልተፈታችም!"

"እኔስ?"

ሰፊዋ ለማስታወስ ሞከረች። እግሯ ጆሮዋ ጋ ደርሶ ነበር? አታውቅም። ፈገግ ብላ ነበር? አታውቅም።

"አንቺን… አላየሁሽም" አለች። "አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቄ፣ በመጨረሻሽ ቀን፣ ዓይኔ ክር ላይ ተሰፍቶ ቀረ። ምን ዓይነት እናት ነኝ!"

ጅራፍ ተከፍታለች፣ አልዋሽም። ከዚያ እጇን ያዘችና እየጎተተች ወደ አዳራሹ መለሰቻት። ሰው ወጥቷል። አንድ ሽማግሌ የጽዳት ሠራተኛ መወልወያቸውን ነክረው ሊጀምሩ ነው።

"ተዘግቷል" አሉ።

"አባባ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ።"

"መወልወያዬ ይደርቃል።"

"አንድ ተኩል።"

ሽማግሌው አጉረመረሙና ባልዲያቸውን ገልብጠው ተቀመጡበት። ጅራፍ ምንጣፉ መሐል ቆመች። ሙዚቃ የለም። ሰፊዋ መጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ሳታውቀው እግሯ ወለሉን ይመታል፤ ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ፣ የስፌት መኪናዋን ፔዳል እንደምትረግጠው። ልጅቷ ሰማችው። ከጠረጴዛው ሥር የገበር ቁራጭ ስታሽከረክር የሰማችው ምት እሱ ነው። በእሱ ጀመረች።

ሰፊዋ አሁን ጫማዋን አየች፣ ጉልበቷን አየች፣ ሲያማት ሸፈፍ የምታደርገውን አካሄዷን አየች። እግሯ እውነትም ጆሮዋን ያልፋል። ሪባኑን ልትወረውር ስትል ደግሞ ታችኛውን ከንፈሯን ነከሰች፤ ግራ ዓይኗን ጨፈን አደረገች።

"ወይኔ!" አለች ሰፊዋ። "ቁርጥ እኔን! አዩ? ቁርጥ እኔን!"

ሪባኑ ወጣ፤ እላይ ሲደርስ ጠሽ የሚል ድምፅ ተሰማ።

"ኧረ ተበጠሰ!" አሉ ሽማግሌው ከባልዲያቸው ላይ ተነሥተው።

"ዝም ይበሉ!" አለቻቸው ሰፊዋ ዓይኗን ሳትነቅል። ልጅቷም ግማሹን ሪባን ቀልባ፣ ሌላው ግማሽ ትከሻዋ ላይ እየወረደ፣ እስከ መጨረሻው ሠራችው።

ሰፈር ሲደርሱ ሻምፒዮን በመስኮቱ እስከ ወገቡ ወጥቶ ይጠብቃል። በልጅቷ ትከሻ ላይ ለሁለት የተበጠሰ ሪባን ሲያይ መዶሻውን ጣለ።

"በጠሰችው! እኔ ምን አልኩ! ቁርጡን ንገሪኝ እስቲ፣ እንዴት አድርጋ ነው የበጠሰችው?"

ሰፊዋ የሱቋን ቁልፍ ከኪሷ አወጣች።

"ተበጠሰ አሉ" አለችው። "እኔ አላየሁም፤ ልጄን እያየሁ ነበር።"